የድንጋይ ካባው ዝክርና ያልተሳረገችው ደቂቃ

እናቴ ካድሬ አትፈራም ነበር። የምትፈራው ነጎድጓድና የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ብቻ ነው። አውራ ዶሮው ባት እየመረጠ የሚነቁር ክፉ ነበርና አልፈርድባትም። ስለዚህ አዲሱ የቀበሌያችን ካድሬ የገበያው መሐል ቆሞ፣ በዚያ በሚያንቋርር ሞንታርቦ፣ «የካባ መታሰቢያ የሚባለው አድኃሪ ድግስ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው!» ብሎ ሲያውጅ፣ ደባርቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ግን የተሸከመችውን የባቄላ ቁና መሬት ላይ አስቀምጣ «ምን አለ ይኸ ልጅ?» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። እኔ ነጠላዋን ጎተትኩ። እሷ ደግሞ እኔን ጎተተችና ቀጥታ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰደችኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ድንጋይ እየተፈለጠ የሚወጣበት ቦታ ካባ ይባላል። መኳንንቱ በወርቅ ክር አስጠልፈው ይደርቡት የነበረው፣ ካህናቱም ለክብረ በዓል የሚደርቡት ልብስ እንዲሁ ካባ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ደባርቅ ውስጥ ተወልዶ አያውቅም። ካድሬው ግን የሌላ አገር ሰው ነው፤ ካባ ሲባል የሚታየው ወርቁ ብቻ ነበር።

አባቴ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ከጃናሞራ ሥራ ፍለጋ መጥቶ፣ ከዳባት የመጣችውን እናቴን እዚህ አግኝቶ አገባት። በንጉሡ ጊዜ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ሲጠገን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካባ ተከፈተ። ፈላጮቹ «ከላይ እየቀነስን እንውረድ እንጂ ከሥር አይጎድጎድ» ብለው ነበር አሉ። ማን ሰምቷቸው! ከሥር ከሥሩ ሲፈለጥ ከርሞ አንድ ቀን ገደሉ ተደረመሰ፤ እነ አባቴንም እንደያዘ ቀረ። ያሠራ የነበረው ሰው ድንጋዩን አንስቶ ሬሳ ከማውጣት ሌላ ካባ መክፈት ቀለለውና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። እኔ ያኔ በሆዷ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት በመጣ ቁጥር የሟቾቹ ሚስቶች ዳቦ ጋግረው፣ የገብስ ጠላ ጠምቀው ከፍርስራሹ ሥር ይዘክራሉ። ዝክሩ ሲያልቅ ተያይዘው የጊዜው ሹም ቤት ይሄዱና «ካባው እንዳይነካብን፣ ባሎቻችን እዚያ ናቸው» ይላሉ። ሹሙ «እሺ» ይላል። ዓመት ያልፋል። ሹም ሲቀየር ደግሞ ከሀ ይጀምራሉ። እናቴ ሌላ መቃብር የላትም። ሰው ሁሉ የሞተበትን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄዶ ሲያለቅስ፣ የእሷ ሰው ያለው በድንጋይ ክምር ሥር ነው። ያንን ክምር ማንም እንዳይነካው፣ የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር።

ቀበሌ ስንገባ ካድሬው ጠረጴዛው ላይ ሻይ አስቀምጦ በራሪ ወረቀት ያነባል። ቁመናው ያማረ፣ ጢሙ ገና እያቅማማ የሚበቅል ወጣት ነበር። እኔ የሴቶች ማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ ያውቀኛል። እናቴን ግን አያውቃትም።

«የካባውን ዝክር ለምን ከለከልክ?» አለችው።

«እናት፣ ሰፊው ሕዝብ የደም መጣጮችን ካባ የሚዘክርበት ዘመን አልፏል።»

«ባሌ ካባው ውስጥ ነው ያለው!»

«ካባ የሚለብስ ባል ካለሽማ አንቺ ራስሽ የፊውዳል ርዝራዥ ነሽ!»

«አንቺ?» አለች እናቴ። ፊውዳል መባሉን ረሳችው። «አንቺ አለኝ? ሰማሽው አንቺ ሲለኝ? የእናቱ እኩያ አይደለሁም?» ይህን ለእኔ ብላ ስትጨርስ ወደ እሱ ተመለሰች። «ደግሞም እሱ ካባ ለብሶ አያውቅም። ካባው ነው እሱን የለበሰው!»

ይኼኔ ልጁ ግራ ገባው። ሻዩን ጨብጦ እኔን ተመለከተ። እኔም እየሳልኩ፣ ሳሉ ሳቄን ለመደበቅ ነው፣ ካባ ማለት ድንጋይ የሚፈለጥበት መሆኑን፣ ሟቾቹም ድንጋይ ፈላጮች መሆናቸውን አስረዳሁት። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ፤ ከዚያ ብድግ አለና ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ላብ አደሮች!» አለ። «በበዝባዥ ሥርዓት የተጨፈለቁ ላብ አደሮች! ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ዛሬ ጠዋት አይደል የከለከልከው» አለች እናቴ።

በማግስቱ ሞንታርቦው ያንኑ ገበያ ዞረ። ክልክል የነበረው አሁን ግዴታ ሆነ። ማንም ሰው እንዳይቀር፣ ከበላይም እንግዳ እንደሚመጣ ተነገረ። አንድ የጎረቤታችን ሽማግሌ «ላብ አደር፣ ላብ አደር የሚለው ቆላ ወርዶ ወባ የያዘውን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሌሊቱን ሲያልበው የሚያድር ከሆነ ልክ ነበሩ። አይደለም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩና በመጨረሻ «አዎ፣ አባባ፣ እሱን ነው» ብዬ ተገላገልኩ።

እናቴ መጀመሪያ ደስ አላት። ዝክሯ በመንግሥት ደረጃ ሊከበር ነው! ጠላ ክልክል ነው፣ ሕዝቡን ያደነዝዛል ሲባል እንኳ አልተቆጣችም። ጋኑን በቀይ ጨርቅ አስራ ለበዓሉ የተዘጋጀ አስመሰለችው፤ ካድሬውም በደጃችን ሲያልፍ ቀዩን ጨርቅ አይቶ «ጎበዝ እናት!» ብሏት ሄደ።

በበዓሉ ዋዜማ ግን ካድሬው መርሐ ግብሩን እንድለማመደው አስጠራኝ። መፈክር፣ ንግግር፣ መዝሙር፣ ለሟቾቹ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት። ከዚያስ? ከዚያ ዘመቻ። ሕዝቡ ዶማና መዶሻ ይዞ ይመጣል፤ የኅሊና ጸሎቱ እንዳለቀ ካባው ይከፈትና ለቀበሌው አዳራሽ ድንጋይ ይወጣል። «የወደቁት ጓዶች የጀመሩትን እኛ እንጨርሰዋለን!» አለኝ። ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ልጁ ከልቡ ነው ያከበራቸው መስሎት የነበረው።

«ጓድ፣ ሰዎቹ እኮ እዚያው ናቸው» አልኩት።

«ስለዚህ ነዋ!» አለኝ።

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታስረጂዋለሽ? ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ትጮሃለች፣ ትራገማለች፣ የአንዱን አናት ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች። «በዶማ?» አለች። «አጥንቱን በዶማ ሊመቱት?» እናቴ ተኝታ እንኳ የምታወራ ሴት ናት፤ ዝም ስትል ቤቱ ሁሉ ከበደኝ፤ ፈራሁ። በላዬ ላይ ድንጋዩ የወደቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ የኔታ ሄደች፤ እኔም አብሬያት። የኔታ የደብራችን መምህር ናቸው፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፣ የትኛው እንደሆነ ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ይለዋወጣል። እሷ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የኔታ፣ የኅሊና ጸሎት የሚሉት ምንድን ነው? ኅሊና የምትባል ታቦት አለች?»

የኔታ ጢማቸውን አሻሹ። «ታቦትስ የለችም። ጸሎት ነው አሉ?»

«ጸሎት ነው አሉ።»

«መንግሥት ጸልዩ ካለ» አሉ የኔታ፣ «እንጸልያለን እንጂ ምን እናደርጋለን?»

እናቴ እጃቸውን ስማ ወጣች። ወደ ቤት ስንመለስ ዳቦዋን ቆረሰች፣ ቆሎዋን በቁና ሞላች፣ ጠላዋን ለወጣቶች አሸከመች።

ካባው ጋ ስንደርስ ሰዉ ገደሉን ሞልቶታል። ገበሬው ዶማ ይዟል፣ ተማሪው መዶሻ ይዟል፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደታዘዘ ሳይሰማ የአውድማ መንሽ ይዞ መጥቷል። ከላይ ከአፋፉ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ ከእኛ ይልቅ ሥርዓት ነበራቸው። እንግዳው መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወፍራም ካፖርት የደረቡ፣ ብርዱ ያንገበገባቸው ሰውዬ ነበሩ። ደባርቅ ለእንግዳ ብርድ አትነፍግም።

ካድሬው ሞንታርቦውን አነሳ። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

«ይውደም!» አልን ግራ እጃችንን ሰቅለን። አሮጊቶቹ «አሜን» አሉ። ጭላዳዎቹም ጮኹ፤ ከሁላችን ይበልጥ የተስማሙት እነሱ ናቸው።

የካድሬው ንግግር ረጅም ነበር። የአባቴን ሙያ ሦስት ጊዜ ለወጠው፤ አንዴ ፈላጭ፣ አንዴ ብረት ቀጥቃጭ፣ አንዴ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር መሪ አደረገው። እናቴ «ምነው ንጉሥ አላደረገው» አለችኝ በጆሮዬ። በመጨረሻ ካድሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ሁላችንም ተነስተን፣ ለወደቁት ላብ አደሮች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» አለና አንገቱን ደፍቶ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የኔታ ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፍ አወጡ። ሁለት ቄሶች ከሰው መሐል ብቅ አሉ፤ ዲያቆኑ መስቀል አቀበላቸው። ካድሬው ቀና ሲል ጸሎተ ፍትሐቱ ተጀምሯል።

«በዝምታ ነው!» አለ በሹክሹክታ። የኔታ የማይሰማ ጆሯቸውን ሰጡት።

ወደ እኔ ዞረ። «በኅሊና ነው በላቸው እንጂ! በውስጥ ነው!»

«ጓድ፣ ጸሎት ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

እውነት ለመናገር እንዲህ ስስቅ ውዬ አላውቅም። ምክንያቱም የኔታ «ነፍሳቸውን ይማር» ባሉ ቁጥር፣ ሰዉ ስንት ወር ሙሉ መፈክር ሲለማመድ ከርሞ፣ በአንድ ድምፅ «ይማር!» እያለ ግራ እጁን ይሰቅላል። የኔታ ደንግጠው አንዴ መጽሐፉን ሊጥሉት ነበር። ከዚያ ግን ደስ አላቸው መሰለኝ ደጋገሙት። «ይማር!» «ይማር!» ገደሉ ራሱ ይመልሳል። ጭላዳዎቹም አልቀሩም።

ካድሬው ሊያስቆም ወደ ሞንታርቦው ሲሄድ እንግዳው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ልጁ «አለቀልኝ» ብሎ ሳይሆን አይቀርም ቀጥ ብሎ ቆመ። እንግዳው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አደረጉ። እግዚኦታው ሲጀመር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፣ አውራ ጣታቸው በጣታቸው አንጓ ላይ ይራመዳል፤ እየቆጠሩ ነው። ካድሬው እሳቸውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ምን ያድርግ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

የሟቾቹ ስም ሲጠራ ሴቶቹ አለቀሱ። የአባቴ ስም ሲጠራ እናቴ ደረቷን መታች። እኔ የማላውቀውን አባቴን ያን ቀን ያወቅሁት መሰለኝና ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ጸሎቱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የግንቦት በረዶ መጣ። እንዲያው መጣ ብል ይቀላል፣ ወረወረብን ነው የሚባለው። ጠጠር የሚያህል በረዶ የሞንታርቦውን አፍ ሲደበድበው ራሱን የቻለ ከበሮ ሆነ። ሰዉ ዶማውን አናቱ ላይ አድርጎ ሮጠ፤ ባለ መንሹ መንሹን አናቱ ላይ ቢያደርገው ምንም አልጠቀመውም። እንግዳው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። የኔታ መጽሐፉን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ማሳረጊያውን ሳይሉ፣ በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ መንደር ወረዱ።

ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው። ጸሎት ካልተሳረገ አላለቀም። ይህን በእኛ አገር ያልተማረም ያውቀዋል። ሕፃን እንኳ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ማሳረጊያው እስኪባል እጁን አይዘረጋም።

ሰማዩ ሲጠራ ካድሬው ሕዝቡን ለዘመቻ ጠራ። ዶማውን የያዘ ሁሉ መጣ፣ ዶማውን ያነሳ ግን የለም።

«ምን ሆናችኋል?»

«ጓድ፣ ጸሎቱ አልተሳረገም» አሉት ያ ስለ ወባ የጠየቁኝ ሽማግሌ። «መርሐ ግብሩ ከኅሊና ጸሎቱ በኋላ ነው የሚለው። ገና እዚያ ላይ ነን።»

«አንድ ደቂቃ ነበር እኮ!»

«አዎ፣ አንድ ደቂቃ። አላለቀችም።»

እናቴ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች። ካድሬው እሷን ሳያይ አለፈና ወደ የኔታ ቤት ሄደ፤ እኔንም እንዳስረዳለት ይዞኝ ሄደ። የኔታ ተማሪ እያስተማሩ ነበርና አስጠብቀው አስገቡን።

«አባት፣ እባክዎ፣ ያንን ጸሎት ይጨርሱልኝ» አላቸው። ዛሬ «እርስዎ» ማለትን ለምዷል።

«ደስ ይለኛል ልጄ» አሉት። «ግን አንድ ችግር አለ። የእኛን ጸሎት በእኛ ማሳረጊያ እናሳርጋለን። ይህ ግን አንተ ያዘዝከው የኅሊና ጸሎት ነው። የኅሊና ማሳረጊያ በእኛ መጽሐፍ የለም። እናንተ መጽሐፍ ላይ ካለ አምጣልኝ፤ እኔ እላለሁ።»

ልጁ መርሐ ግብሩን ከኪሱ አውጥቶ ጀርባውን ገልብጦ አየ። አትሳቂ ብዬ ራሴን ቆነጠጥኩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ቢሮው ውስጥ እነዚያን ቀያይ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ አየሁት። ሌላ ሊያነብ ይችላል፣ እኔ ግን ማሳረጊያ ፍለጋ ነው ብዬ ነው የማምነው። አላገኘም። እንግዳውም በበዓሉ ተደስተው ምስጋና ልከውለት ነበርና፣ የበዓሉን ቦታ ልቆፍር ብሎ ዳግም ለመጠየቅ አፈረ። ለአዳራሹ ድንጋይ ከሌላ ካባ ወጣ። የአባቴ ክምር ሳይነካ ቀረ።

እናቴ አልፎከረችም። በፊት በየዓመቱ ሹም ቤት እየሄደች «እሺ» ታስብል የነበረችው ሴት፣ አሁን ማንም ስለ ካባው ቢያነሳ «ጸሎት ላይ ነን» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

ካድሬው ከእኛ ዘንድ ሲቀየር ሊሰናበት ቤታችን መጣ። ማምሻው ላይ ነው። እናቴ ወንበር ሰጠችው፣ ጠላ ቀዳችለት፤ እሱም ያን የከለከለውን ጠላ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። የመጣው ለማኅበሩ ጉዳይ መስሎኝ ልጠይቀው ስል ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ያ ጸሎት አሁንም አልተሳረገም?»

«አልተሳረገም» አለች ፈርጠም ብላ። «ደግሞ ቆፍሩ ልትል ነው?»

«አይደለም።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ካልተሳረገ… ስም ይገባበታል?»

እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። «የማን ስም?»

«የታላቅ ወንድሜ። ሬሳውን አልሰጡንም። እናቴም እንዳታለቅስ ተነግሯታል።»

ማን እንደከለከላት እናቴ አልጠየቀችውም። በዚያ ዘመን አይጠየቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው፤ እኔም አየሁት፤ ጢሙ አሁንም በደንብ አልበቀለም።

«ክፍት ነው ልጄ» አለችው። «ይገባል። የክርስትና ስሙን ታውቀዋለህ?»

ያውቀዋል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ነገራት። እናቴ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ እኔ ልጻፍልሽ ስላትም በእጇ ዝም አሰኘችኝ፤ እንዲህ ያለ ስም ያኔ ወረቀት ላይ አይቀመጥም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወዲያው ወደ የኔታ ቤት ወጣች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ። ከቤታችን እስከ የኔታ ደጅ ድረስ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ እንደምን አመሸሽ ላላት ሰው ሁሉ መልስ ሳትሰጥ አለፈች። ስሙ እንዳይጠፋባት ነው።